በረዶ የሚያድርበት ጣሪያ

በጥር ወር በሚኒያፖሊስ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ የሚዘዋወር እንግዳ ቶሎ የሚለምደው አንድ ጨዋታ አለ፤ ጣሪያ ማንበብ። በአንድ መንገድ ዳር፣ በአንድ ዘመን፣ በተመሳሳይ ንድፍ የተሠሩ ቤቶች ተደርድረዋል። በሁሉም ላይ የወረደው በረዶ አንድ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጣሪያዎቹ አይመሳሰሉም። አንዱ ነጭ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ነው። ሁለተኛው አናቱ ላይ ተራቁቶ ጥቁር ገላው ይታያል። ሦስተኛው ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ መስኮቱ የሚወርዱ፣ አንዳንዶቹ ሰው የሚያህሉ የበረዶ ዘንጎች አንጠልጥሎ በፀሐይ እንደ ብርጭቆ ያበራል።

ካሜራ የያዘ መንገደኛ የሚቆመው ሦስተኛው ቤት ፊት ነው። ውበቱ እውነት ነው። እዚያው የኖረ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ቤት ሙቀቱን እያፈሰሰ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቢጫ ክብ ሊወጣ ይችላል። በዚህ አገር የበረዶ ጌጥ ያበዛ ቤት ብዙ ጊዜ የታመመ ቤት ነው። ጤነኛው ነጭ ጋቢውን ሳያወልቅ የሚከርመው ነው።

ሚኒሶታ ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሩቅ አገር አይደለም። ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ እዚያ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። በሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኝ በተቀመጡት መንትያ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ የእኛ ሰው ከሰፈረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሴንት ፖል ስኔሊንግ ጎዳና ላይ እንጀራ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ በሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር በቆሙት ባለ ቀለም ረጃጅም ሕንጻዎች ሥር የምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋ የማይሰማበት ሰዓት የለም። በበጋቸው የሚሄድ ዘመድ ሐይቁንና አረንጓዴውን አይቶ ይመለሳል። ሕፃን ግን ወቅት መርጦ አይወለድምና፣ ልጇን ለማረስ የምትሄድ እናት ብዙ ጊዜ የምታርፈው በብርዱ መሐል ነው። ይህ ጽሑፍ ለእርሷና እዚህ ሆነው ደውለው «እንዴት ናችሁ? ብርዱስ?» ለሚሉ ሁሉ ነው።

ክረምት ስንል

«ክረምት» የሚለው ቃላችን እዚያ ሲደርስ ይደናገራል። ለእኛ ክረምት የሰኔና የሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃው፣ የመንገድ ዳር የበቆሎ ጥብሱ ነው። ስለዚህ እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን «ዊንተር» ብለው ይገላገላሉ። ዊንተር ማለት ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ አንዳንዴም እስከ ሚያዝያ፣ ምድር የሚደርቅበት ጊዜ ነው።

«በረዶ» የሚለው ቃልም ሥራ ይበዛበታል። አዲስ አበባ በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል፤ በቤት ውስጥ ሰው ከሰው መደማመጥ ያቅተዋል፤ ልጆች በኩባያ ለቅመው ሳይጠግቡት ይቀልጣል። የሚኒሶታው በረዶ ድምፅ የለውም። ሌሊት ሲወርድ የሚታወቀው ጠዋት የከተማው ጫጫታ ስለሚጠፋ ነው። እኛ ከሰማይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ውኃ ረግቶ ድንጋይ የሆነውንም «በረዶ» ብለን እንጠራለን። በዚያ አገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤት ኮርኒስ ዋጋ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን በረዶ፣ ሁለተኛውን ግግር በረዶ እያልን እንቀጥል።

ከብርድ ጋር የተዋዋሉ ከተሞች

የመንትያዎቹ ከተሞች የጃንዋሪ ወር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህ አማካዩ ነው፤ ከዜሮ በታች 25 የሚደርስባቸው ሌሊቶችም አሉ። በክፍለ ግዛቱ ሰሜን ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 የተለካው ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ እስከ ዛሬ የሚኒሶታ ክብረ ወሰን ነው። በረዶውም ቀላል አይደለም። በመንትያዎቹ ከተሞች በአንድ ዊንተር የሚወርደው ሲደመር በአማካይ 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ2022 እስከ 2023 በነበረው ዊንተር 229 ሳንቲ ሜትር ወርዶ በታሪካቸው ሦስተኛው በረዷማ ዓመት ተብሏል፤ አንደኛው ከ1983 እስከ 1984 የነበረውና 250 ሳንቲ ሜትር የተመዘገበበት ነው።

ሰዉ ግን ቤቱን ዘግቶ አይቀመጥም። ሐይቆቹ ሲረጉ ሰዎች በላያቸው ይሄዳሉ፤ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅተው ዓሣ ያጠምዳሉ። አዲስ የረጋ ጥርት ያለ ግግር በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ሳይወፍር በእግር እንዳይረገጥ የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ይመክራል። በሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ሕንጻዎቹ በሁለተኛው ፎቅ ከፍታ በመስታወት ድልድዮች ተያይዘዋል፤ ስካይዌይ ይሉታል። በአጠቃላይ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ኮት ሳይደርቡ ከቢሮ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ምግብ ቤት መሄድ ይቻላል። ሴንት ፖል ደግሞ የዊንተር በዓሏን ከ1886 ጀምሮ ታከብራለች። ነገሩ የተጀመረው በእልህ ነው፤ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ከተማዋን ከሳይቤሪያ ጋር አመሳስሎ በዊንተር ሰው አይኖርባትም ብሎ ስለ ጻፈ፣ የከተማዋ ሰዎች ከግግር በረዶ ቤተ መንግሥት ሠርተው መለሱለት።

የቤት ባለቤትም ግዴታ አለበት። በሚኒያፖሊስ በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጥረግ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። ከባድ በረዶ ሲወርድ ከተማዎቹ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ያውጃሉ፤ መኪናውን ከተከለከለው የመንገዱ ጎን ያላነሳ ሰው መኪናው ተጎትቶ ይጠብቀዋል። የእኛ ሰዎች ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቀጥሎ የሚማሩት ይህን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣሪያም በዚህ አገር በከንቱ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኦክቶበር 31 ጀምሮ አራት ቀን በቆየ ማዕበል በመንትያዎቹ ከተሞች 72 ሳንቲ ሜትር በረዶ ወርዷል፤ ዛሬም «ያኔ የት ነበርክ?» ተብሎ ይወራል። በዲሴምበር 12 ቀን 2010 ደግሞ ሜትሮዶም የተባለው የሚኒያፖሊስ ስታዲየም ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተቀደደና ነጩ ክምር ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ጣሪያው በአየር ግፊት የተነፋ ጨርቅ ነበር። ደግነቱ ጨዋታ ስላልነበረ የተጎዳ ሰው የለም። በቦታው በ2016 የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም ጣሪያው እንደ መርከብ አፍንጫ ሹል ሆኖ የተሠራው በረዶ እንዳይከመርበት ጭምር ነው።

ስታዲየሙን የጣለው ክብደት ነው። ተራውን የመኖሪያ ቤት የሚያስቸግረው ግን ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን ውኃው ነው።

ማንም ያልገነባው ግድብ

ለእኛ «ግድብ» የሚለው ቃል ኩራት ያዘለ ነው። በሚኒሶታ ግን ማንም ያልገነባው፣ ማንም የማይፈልገው ግድብ በየጣሪያው ጠርዝ ይሠራል። የበረዶ ግድብ ይሉታል። አሠራሩን ለመረዳት የዚያን አገር ቤት ከላይ እስከ ታች ማየት ያስፈልጋል።

የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ እንጨት ነው፤ ውስጡ በጂብሰም ተለብጧል። በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል አቲክ የሚሉት ባዶ ቦታ አለ። ጣሪያው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ሬንጅ የጠጣ ሺንግል ተነጥፏል። ከታች ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ በአብዛኛው ቤት የሚነደው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሞቃት አየር ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። በኮርኒሱ ስንጥቅ፣ በአምፖሉ ቀዳዳ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ እየሾለከ አቲክ ይገባል፤ ጣሪያውንም ከሥር ያሞቀዋል።

አሁን በጣሪያው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ አለ እንበል። በረዶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ራሱ ብርድ ልብስ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢሆንም፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ጣሪያው ከዜሮ በላይ ከሞቀ በረዶው ከታች መቅለጥ ይጀምራል። ውኃው ማንም ሳያየው በሺንግሉ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ የወጣ ስለሆነ ከሥሩ የሚሞቅ ክፍል የለም፤ ያለው የውጭው ብርድ ብቻ ነው። ውኃው እዚያ ይረጋል። በማግሥቱ የሚመጣው በእርሱ ላይ ይረጋል። በቀናት ውስጥ በጠርዙ ላይ ወፍራም የግግር በረዶ ጉብታ ይቆማል። ከላይ የሚወርደው ውኃ መውጫ ሲያጣ ከጉብታው ጀርባ ይጠራቀማል፤ ግድብና ሐይቅ ሆነ ማለት ነው።

ሺንግል የተሠራው እንደ እኛ ቆርቆሮ ቁልቁል ለሚፈስ ውኃ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ውኃውን ያሳልፋል። ለቆመ ውኃ ግን መከላከያ የለውም። የታቆረው ውኃ በሺንግሎቹ መካከል ወደ ኋላ ይሾልካል፤ እንጨቱን ያርሳል፤ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰውን የሚያስገርመው ይህ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት የዝናብ ጠብታ ሳትወርድ፣ ጣሪያ ያፈሳል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በአሸንዳው ያመካኛል። አሸንዳው በግግር በረዶ ሲሞላ የሚታየው እርሱ ስለሆነ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤትም ግን ግድብ ይሠራል። የበረዶ ዘንጎቹም ቢሆኑ ምልክት ናቸው እንጂ በሽታው እነርሱ አይደሉም። እርግጥ ፀሐይ ብቻዋን የምታቀልጠው ጥቂት በረዶም ቀጫጭን ዘንግ ያወጣል፤ ያ አያስፈራም። የሚያስፈራው ወፍራም ጉብታ ከጀርባው ያለው ነው።

የመጀመሪያው ቤት

ይህ ጉዳይ የእኛን ሰዎች የሚነካው በአንድ ልዩ ምክንያት ነው። በኪራይ አፓርታማ ሲኖሩ ጣሪያው የሌላ ሰው ሐሳብ ነው። የዓመታት ቁጠባ ተሰብስቦ፣ በሁለት ፈረቃ ሥራ የተገኘው ተጨምሮ፣ የመጀመሪያው ቤት ሲገዛ ግን ጣሪያውም አብሮ ይገዛል። አቅም የሚፈቅደው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የተሠሩ «አንድ ፎቅ ተኩል» ሊባሉ የሚችሉ ቤቶች በብዛት አሉ። ላይኛው መኝታ ክፍል በቀጥታ በጣሪያው ተዳፋት ሥር የተወሸቀ ነው፤ ግራና ቀኙ አጫጭር ግድግዳዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጀርባ ደግሞ ጨለማ ባዶ ቦታ አለ። ቤቶቹ ሲያዩዋቸው ልብ ይማርካሉ። ነገር ግን በክፍሉና በጣሪያው መካከል የሙቀት መከላከያ የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው፤ በአጫጭሮቹ ግድግዳዎች ሥር የሚሾልከው ሙቀትም ብዙ ነው። በበረዶ ግድብ የታወቁት እነዚህ ቤቶች ናቸው።

እናት ለአራስ ጥየቃ ስትመጣ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

«ልጄ፣ ቤትሽን ምን እንዲህ አስጌጠው? የብርጭቆ መጋረጃ እኮ ነው የሚመስለው።»

«እማዬ፣ ከሥሩ እንዳትቆሚ።»

«ምን ያደርገኛል?»

«ሲወድቅ ጦር ነው። ለእኛም ኪሳራ ነው፤ ለጋዝ የከፈልነው ብር ነው እዚያ የተንጠለጠለው።»

«ማገዶው ሜዳ ላይ እየነደደ ነው በይኛ!»

ነገሩን ከዚህ በተሻለ የገለጸ መሐንዲስ የለም። በገጠር ጎጆ ጠዋት ጠዋት ጢሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ፣ እሳት እንደ ነደደ ይናገራል። የሚኒሶታው ቤት ጢስ አይታይበትም። በጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ግን ያጋልጠዋል።

ከመሬት ሆኖ

ግድቡ አንዴ ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ ወደ ጣሪያው አለመውጣት ነው። ግግር በረዶ በተጋገረበት ተዳፋት ላይ መሰላል አይጸናም፤ እግርም አይጸናም። ቀዳዳ ለመዝጋት የወጣ አባወራ ወገቡን ተሰብሮ ቢወርድ ቤተሰቡ ያጣው ከኮርኒስ በላይ ነው።

ከመሬት ሆኖ የሚሠራ ሥራ አለ። በየሕንጻ መሣሪያ መደብሩ ሩፍ ሬክ የሚባል፣ ረጅም የአሉሚኒየም እጀታ ያለው የጣሪያ በረዶ መጎተቻ ይሸጣል። በረዶው እንደ ወረደ፣ ገና ሳይቀልጥ፣ ከጠርዙ ወደ ላይ ከ1 እስከ 2 ሜትር ያህሉን ቁልቁል መጎተት ነው። ለመቅለጥ የተዘጋጀው በረዶ ከሌለ ግድቡ የሚሠራበት ውኃ ያንሳል። ሺንግሉን እንዳይፍቅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መተው ጥሩ ነው። እጀታው ብረት ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት በኩል አይሞከርም። የሚጎትተውም ሰው በሚወርደው ክምርና በዘንጎቹ ሥር መቆም የለበትም።

መጥረቢያ፣ ዶማና መዶሻ ይቅሩ። ግግር በረዶውን የሚሰብረው ምት በብርድ የደረቀውን ሺንግልም አብሮ ይሰብረዋል፤ በጸደይ ሌላ ማፍሰሻ ይተርፋል። የወጥ ቤት ጨው ወይም የመንገድ ጨው መበተንም አይመከርም፤ አሸንዳውንና ምስማሩን ያዝጋል፤ ከሥር ያለውን ተክል ያደርቃል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ሌላ ዓይነት ጨው ግን በአሮጌ ስቶኪንግ ተሞልቶ ከላይ ወደ ታች ግድቡን አቋርጦ እንዲተኛ ከተደረገ ቀስ ብሎ ቦይ ይከፍታል፤ የታቆረው ውኃም መውጫ ያገኛል። ከመሬት ወይም ከመስኮት በደኅና የማይደረስበት ከሆነ ለባለሙያ መተው ነው።

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት እንፋሎት ነው። ሞቃት እንፋሎት ግግር በረዶውን እንደ ኬክ እየቆረጠ ያወርደዋል፤ ሺንግሉን አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ውኃ የሚረጭ መኪና ማጠቢያ ይዞ «እኔም እሠራለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ያ ሺንግሉን ይልጠዋል። ከመስማማት በፊት «በእንፋሎት ነው ወይስ በግፊት ውኃ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ክፍያው በሰዓት ሲሆን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የቤት መድን ውሉንም አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል፤ ውኃው ያበላሸውን ኮርኒስ የሚሸፍን ውል ግድቡን የማስወገጃውን ዋጋ ላይሸፍን ይችላል። ቢጫው ክብ እንደ ታየ ፎቶ ማንሳትም አይርሱ።

ውኃው ቤት ከገባ ደግሞ ባልዲ ማስቀመጥ፣ ዕቃ ማሸሽ፣ ውኃው አምፖል አጠገብ ከሆነ የዚያን ክፍል መብራት ከቆጣሪው ሳጥን ማጥፋት ይቀድማል። ኮርኒሱ እንደ ከረጢት ከተነፋ ልጆች ከሥሩ ይራቁ። የረጠበው ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል፤ አስም ላለበት ልጅ ሻጋታው ከውኃው ይብሳል።

መድኃኒቱ ከውስጥ ነው

እስካሁን የተባለው ሁሉ የአንድ ሳምንት መፍትሔ ነው። ጠርዙ ላይ የሚዘረጉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦዎችም ለውኃው መንገድ ይከፍታሉ እንጂ ሙቀቱ መሾለኩን አያቆሙትም፤ እንዲያውም በጋዙ ላይ የመብራት ወጪ ይጨምራሉ። በሽታው ከውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱም ከውስጥ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት።

መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈን ነው። ወደ አቲክ የሚያስገባው ክዳን፣ የቧንቧና የሽቦ ማለፊያዎች፣ ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ አምፖሎች፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያ፤ ሁሉም በየፊናቸው ትንሽ ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን መስኮት ከፍቶ እንደ መክረም ናቸው። በጭስ ማውጫ ዙሪያ ተራ ፎም አይነፋም፤ እሳት የሚቋቋም ማሸጊያና ቆርቆሮ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የሙቀት መከላከያውን ማወፈር ነው። የሚኒሶታ የግንባታ ደንብ ለአዲስ ቤት አቲክ የሚጠይቀው መጠን፣ እንደ ጥጥ በሚነፋው ቁስ ሲለካ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይሆናል። ቀዳዳው ሳይደፈን ይህን ማፍሰስ በተቀደደ ሹራብ ላይ ሹራብ መደረብ ነው። ሦስተኛው አየር ማናፈስ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቀዝቃዛ አየር ገብቶ በአናቱ እንዲወጣ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ቤቱ ይሙቅ፣ ጣሪያው ይቀዝቅዝ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የት እንደሚሾልክ ለማወቅ ቤቱን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉ። በበሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው የቤቱን አየር ይስባሉ፤ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። የጋዝና የመብራት አቅራቢዎች ለዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም ከ1976 ጀምሮ የቆየ የፌዴራል መንግሥት የቤት ማሞቂያ ብክነት መከላከያ ድጋፍ አለ። በአሮጌ ቤት አቲክ ውስጥ እንደ ጠጠር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቀላል ቁስ ከተገኘ ግን ሳይነኩት ማስመርመር ነው፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ጣሪያ የሚያስቀይር ሰው ደግሞ ከሺንግሉ ሥር የሚጣበቀው የውኃ መከላከያ ሸራ ከጠርዙ ተነሥቶ ከግድግዳው መስመር ወደ ውስጥ ቢያንስ 61 ሳንቲ ሜትር መግባቱን ያረጋግጥ።

የእኛ ወጥ ቤትም በዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት ያስቡት፤ ሠላሳ እንጀራ ሠላሳ ደመና ነው። የወጡ ድስት፣ የቡናው ጀበና፣ የሕፃኑ ገላ መታጠቢያ ይጨመርበት። ያ እርጥበት ከሞቃቱ አየር ጋር አቲክ ገብቶ በቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውርጭ ይሆናል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይንጠባጠባል። መጋገሩን የሚተው የለም፤ መተውም አያስፈልግም። የወጥ ቤቱና የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ይከፈት፤ ቱቦው አቲክ ውስጥ ሳይሆን በእርግጥ ደጅ መውጣቱ ይታይ።

አንድ ነገር ግን ከጣሪያም ከኮርኒስም በላይ ነው። ቤት በተደፈነ ቁጥር በውስጡ የሚነድ ነገር አደገኛ ይሆናል። በግድግዳው በኩል የሚወጣው የማሞቂያ ጭስ ማውጫ በበረዶ አለመዘጋቱን ከእያንዳንዱ ማዕበል በኋላ ማየት፣ ቀዳዳ ከተደፈነ በኋላም ማሞቂያውን ማስመርመር ያስፈልጋል። ለቡና ሥነ ሥርዓት ተብሎ በቤት ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤተሰብ እንደ ተኛ ያስቀራል። የሚኒሶታ ሕግ በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዝዛል፤ ባትሪው መሥራቱን መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል፤ ዕጣኑም ትንሽ ይበቃዋል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ

በጃንዋሪ መጀመሪያ በሚኒያፖሊስ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከግማሽ በኋላ ነው። መብራቶች በየመስኮቱ ሲበሩ፣ ብርዱ አፍንጫ ሲቆነጥጥ፣ ሰፈሩን በእግር መዞር የዚህ ጉዞ ምርጥ ሰዓት ነው። ወፍራም ጫማ፣ ሁለት ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ይበቃል። በረዶው ከእግር ሥር ይንቋቋል። ከአንዱ ቤት የእንጨት እሳት ይሸታል፤ ከሌላው፣ ዕድል ከቀናዎት፣ የሽንኩርት ቁሌት።

ያን ጊዜ ዓይንዎን ከመስኮቶቹ ከፍ ያድርጉ። እዚያ ለሚኖር ልጅዎ ወይም ወንድምዎ የሚሰጡት ምርጥ ስጦታ ከሻንጣው በርበሬና ሽሮ ቀጥሎ ይህ ሊሆን ይችላል፤ የቤቱን ጣሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያይቶ መንገር። አናቱ ከሌሎቹ ቀድሞ የተራቆተ ከሆነ ዝም አይበሉ። በረዶው ከወደቀ ሳምንት አልፎት ከጠርዝ እስከ አናት እኩል ተኝቶ ካገኙት ደግሞ ደስ ይበልዎ። እዚያ ቤት ሙቀቱ ያለው ከሰዎቹ ጋር ነው።